የክልል ምክር ቤት አባል ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም በጠቅላላ ምርጫ ቀን ድምፅ ሊሰጥ የገባ ሰው ሁለት ወረቀት ይቀበላል። አንዱ አዲስ አበባ ላለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሌላው ባሕር ዳር ላለው የክልል ምክር ቤት። የመጀመሪያውን በቴሌቪዥን ስለምናየው እናውቀዋለን። የጎጃም ገበሬ ጓሮ ድረስ የሚዘልቀውን ሕግ የሚያወጣው ግን ሁለተኛው ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ። አባሉ ለአምስት ዓመት ይመረጣል። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ ሲኖረው ክልሉ ለፌዴራሉ የሚልከው 138 ተወካይ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ የምርጫ ክልል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ሰው ከአንድ ይበልጣል። እነዚህ ሰዎች ከመካከላቸው ርዕሰ መስተዳድር ይሰይማሉ፣ የካቢኔ ሹመት ያጸድቃሉ፣ በጀት ይወስናሉ፣ የክልሉን ሕገ መንግሥት ያሻሽላሉ።

ዋናው ጉዳይ ግን መሬት ነው። በ1989 ዓ.ም. ክልሉ ባወጣው ሕግ በጎጃም መሬት ሲሸጋሸግ በቀድሞዎቹ መንግሥታት ሹመት ነበረው ተብሎ «ቢሮክራሲ» የሚል ስም የተለጠፈበት ገበሬ ከሌላው ያነሰ ይዞታ ብቻ ተተወለት። የዚያን ጊዜ ቂም በአንዳንድ ቀበሌ ዛሬም አልበረደም። አሁን በየቤቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው የይዞታ ደብተርም የዚሁ ምክር ቤት ሥራ ውጤት ነው። ማን ይወርሳል፣ ለማንስ ይከራያል የሚለውን በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 252 ይደነግጋል። አባሉ እጁን የሚያወጣው እንዲህ ላለ ነገር ነው።

ሕግ አውጪው አገሩን ሳይሰማ ሲወስን ምን እንደሚመጣ ጎጃም ቀድሞ አሳይቷል። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ፓርላማ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አጸደቀ። ገበሬው ርስቴ ሊለካብኝና ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ሸፈተ። ጦር ተላከበት፣ አውሮፕላን ሳይቀር ተሰማራበት፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፣ ግብሩም በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ። ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ጀምሮ የፓርላማው ታችኛ ክፍል የሆነው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር፤ መመረጣቸው ብቻውን ይህን አላስቀረም።

አንድ ሰው ስንት ዘመን እንደራሴ ሆኖ መቆየት ይችላል? የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጥም፤ የምክር ቤት አባል ላይ ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ገደብ አልጣለም። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ፍሬድ ሪሰር የተባሉ ሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1957 እስከ 2021 በግዛታቸው ምክር ቤት ተቀምጠዋል፤ 64 ዓመት መሆኑ ነው! የእኛ አገር ተመራጭ ዕድሜ በአብዛኛው የተንጠለጠለው ፓርቲው ደግሞ ያቀርበዋል ወይ በሚለው ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ነባር አባል መኖሩን አልጠላም። በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ «ይህ መንገድ ካቻምናም በጀት ተይዞለት ነበር» ብሎ የቢሮ ኃላፊ የሚያፋጥጥ ሰው የሚገኘው ከነባሮቹ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ የሙሉ ጊዜ ሕግ አውጪዎች አይደሉም፤ መደበኛ ጉባኤ ሲጠራ መጥተው፣ ሪፖርት ሰምተው፣ ድምፅ ሰጥተው ወደ መደበኛ ሥራቸው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ የአስፈጻሚው ሹም ነው። ጠያቂም ተጠያቂም ሆኖ አንድ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው አለቃውን ሲሞግት እምብዛም አይታይም። በዚህ ላይ የቅርብ ዓመታቱ ግጭት ተመራጩ ወደ መራጩ ወርዶ ስብሰባ የሚጠራበትን መንገድ አጥብቦታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚያ በመለስ ደግሞ መሬት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤትን የሚመለከት አቤቱታ ያለው ሰው ለመረጠው አባል በጽሑፍ ቢሰጥና ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ እንዲቀርብለት ቢጠይቅ፣ አባሉን የሚገባውን ሥራ ነው የጠየቀው።