ጊቤና ኦሞ፦ ከጅማ ደጋ እስከ ቱርካና ሐይቅ

ጅማ ላይ የዘነበ ዝናብ ባሕር አያይም። ከከተማው የሚወርደው ውሃ በአዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ግልገል ጊቤ ዋናውን ጊቤ ይቀላቀላል። ጎጀብ ሲጨመርበት ወንዙ ኦሞ ተብሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ መጨረሻውም ቱርካና ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም።

ሊሙ ኢናሪያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ በታሪክ የጊቤ መንግሥታት የሚባሉት በዚሁ ወንዝ ስም ነው።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ሰው ወንዙን የሚያገኘው ወልቂጤን ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ጊቤ በረሃ ይገባል፤ ሙቀቱ ወዲያው ያስታውቃል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ አባልቲ ሽቅብ ነው። ሶኮሩን አልፎ ወደ አሰንዳቦ ሲቃረብ ደግሞ የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይታያል።

ሐይቁን የፈጠረው ግድብ፣ ጊቤ አንድ፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ጉልበቱ 184 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ ትንሽ ይመስላል፤ ለቀሩት በር የከፈተው ግን እሱ ነው። ጊቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም። ከጊቤ አንድ የወጣውን ውሃ ተቀብሎ፣ ተራራ ሰርስሮ በሚያልፍ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርደዋል። ጉልበቱ 420 ሜጋ ዋት ነው። ጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ዋሻው በከፊል ተደርምሶ ነበር፤ በኋላ ተጠገነ። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት ጉልበት አለው። እንግዲህ ከጅማ የተነሳው ያው ውሃ ሦስቴ ተርባይን ያዞራል ማለት ነው። ይሄ ቀላል ውለታ አይደለም።

ታች ያሉት የዳሰነችና የካሮ ሰዎች የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ጊቤ ሦስት ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ሙላቱ እንደ ድሮው አልመጣም። ግድቡ ወንዙን ዓመቱን ሙሉ እኩል እንዲፈስ አድርጎታል የሚሉ አሉ፤ እርሻችንን ነጠቀን የሚሉም አሉ። ቱርካና ከሚያገኘው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ ስለሆነ ነገሩ ኬንያንም ይነካል።

ከጅማ ማሳዎች የሚታጠበው ቀይ አፈር ከፊሉ ግድቦቹ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ወንዙ እስከ መጨረሻው የሚያደርሰው ደለል ደግሞ ከኦሞራቴ በታች፣ ኦሞ ሐይቁን በሚነካበት አፍ ላይ ይከመራል።