የኮክፒት ጭስ ምንድን ነው? ጭምብሉስ ለምን አልወረደም?

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ቸርችልን ቁልቁል በሚኒባስ እየወረድኩ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮውን ለቆታል። የሆነ አገር የሆነ አውሮፕላን ኮክፒቱ (የፓይለቶቹ ክፍል) ውስጥ ጭስ ታይቶ ተመልሶ አርፏል፣ አንድ ተንታኝ ስለዚያ ያወራል። ሰውየው ተናዷል። «ፓይለቶቹ ለራሳቸው የኦክስጅን ጭምብል አጠለቁ። ለተሳፋሪው ግን አላወረዱለትም! ይሄ ምን ይባላል?» አለ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። ለገሃር ስንደርስ ታክሲው በሙሉ በፓይለቶቹ ላይ ፈርዶ ጨርሷል።

ይሄን ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ፓይለት አይደለሁም። የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ነኝ። ስለዚህ ከሽቦው ወገን ሆኜ ነው የማወራው።

የተሳፋሪው ጭምብል ለጭስ አልተሠራም። ለሳሳ አየር ነው የተሠራው። በበረራ ላይ ካቢኑ (ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሆኖ ይያዛል። ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ስለዚህ ለአዲስ አበቤ የሰፈሩ አየር ነው። ግፊቱ ተበላሽቶ የካቢኑ አየር የ4,300 ሜትር ከፍታ ያህል ሲሳሳ ጭምብሉ በራሱ ከላይ ይወርዳል። እሱም ቢሆን ንጹህ ኦክስጅን ብቻ አይሰጥህም። ኦክስጅኑን ከካቢኑ አየር ጋር እየቀላቀለ ነው የሚያቀርበው። ካቢኑ ጭስ ከሆነ እንግዲህ የምትስበው ኦክስጅን ጣል የተደረገበት ጭስ ነው። በዚያ ላይ እሳቱ የት እንዳለ ሳታውቅ ካቢኑ ውስጥ ኦክስጅን መልቀቅ እሳቱን ማገዝ ነው።

የፓይለቱ ጭምብል ሌላ ዕቃ ነው። አጠገቡ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቀዩን መያዣ ጨብጦ ሲስበው ማሰሪያው ይነፋል፣ ራሱ ላይ አድርጎ ሲለቀው ጥብቅ ይላል። በአንድ እጅ፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ። መቶ በመቶ ኦክስጅን ላይ ይደረጋል፣ የውጭ አየር አይገባበትም። ወይ መነጽር አለው ወይ ፊትን ሙሉ ይሸፍናል፣ ጭስ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ዓይንንም ይዘጋልና።

ተንታኙ ታክሲ ውስጥ ስላገኘኝ በታክሲ ልመልስለት። ዳሽቦርዱ ሥር የሽቦ ቃጠሎ ሸተተ እንበል። ሾፌሩ ዳር ይይዛል፣ ረዳቱ በሩን ይከፍታል፣ ሁላችንም እንወርዳለን። አሁን ዳር የሌለው መንገድ አስብ። በሩ አይከፈትም። «ወራጅ አለ» ብትል የሚሰማህ የለም። የሚቀጥለው ፌርማታ 20 ደቂቃ ይርቃል፣ ጭሱ ደግሞ ሾፌሩ ፊት ላይ ነው የሚትጎለጎለው። እዚህ መኪና ውስጥ ካለነው ሁሉ መጀመሪያ መተንፈስና ማየት ያለበት ማነው? ሾፌሩ ራሱን ከሳተ የእኔ ጭምብል ምን ይሠራልኛል? ረዳቱም ሒሳቡን ትቶ ወረቀት አውጥቶ ያነባል፤ ይሄን አጥፋ፣ ያንን ዝጋ። ሁለቱም ጭምብል ስላጠለቁ የሚሰማሙት ጭምብሉ ውስጥ ባለው ማይክ፣ በሚንሾካሾክ ትንፋሽ መሃል ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይሰበራል። የአውሮፕላኑ ረዳት ሒሳብ ተቀባይ ሳይሆን ሙሉ ፓይለት ነው፣ ብዙ ጊዜም መሪውን የያዘው እሱ ይሆናል። «ረዳት አብራሪ ነው ያበረረው» ሲባል የሚደነግጡ ሰዎች አሉ፣ የእነሱ ነገር ሌላ ቀን።

ተንታኙ ቀጠለ። «ጭስ ብቻ እኮ ነው፣ እሳት አልታየም፣ ሳያጣሩ መመለስ ድንጋጤ ነው» አለ። እዚህ ላይ ሬዲዮው ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

በ1998 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከኒውዮርክ ወደ ጄኔቫ የሚበር የስዊስኤር አየር መንገድ ኤምዲ 11 አውሮፕላን ነበር። ፓይለቶቹ መጀመሪያ የገጠማቸው ሽታ ብቻ ነው። ቀጥሎ ትንሽ ጭስ። ከኮክፒቱ ጣሪያ በላይ የነበረው እሳት ግን የሽፋኑን ቁስ እየበላ ነበር። ከመጀመሪያው ሽታ 21 ደቂቃ ያህል ቆይቶ አውሮፕላኑ ካናዳ አጠገብ ባሕር ውስጥ ገባ። 229 ሰው አለቀ። በእርግጥ መርማሪዎቹ ፓይለቶቹ ወዲያው በቅርብ ወዳለችው የካናዳ ከተማ ሃሊፋክስ ቢያቀኑም ባልደረሱ ነበር ብለዋል፣ ይሄን መደበቅ ልክ አይሆንም። ቁም ነገሩ ግን ሽታው በመጣባት ደቂቃ ቀላል ይሁን ገዳይ ማንም አለማወቁ ነው። ስለዚህ ጭምብል ይጠለቃል፣ አፍንጫው ወደ ቅርቡ ማረፊያ ይዞራል፣ ማጣራቱ በመንገድ ላይ ይሆናል። ኋላ ምንም ሳይሆን ቢቀር ነዳጅ ነው የከሰረው።

በ2010 ከዱባይ የተነሳ ዩፒኤስ የተባለው የአሜሪካ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላንም አለ። ጭነቱ ውስጥ ሊቲየም ባትሪ ነበር። ጭሱ ከመወፈሩ የተነሳ ፓይለቱ ሬዲዮውን እንኳ ማየት ስላቃተው ሌሎች አውሮፕላኖች መልእክት እየተቀባበሉ ያደርሱለት ነበር። ሁለቱም ፓይለቶች ሞቱ። «ጭስ ብቻ» የሚባለው ይሄ ነው።

የእኛ ሙያ ሰው ዝም ብሎ የማያልፈው ነገር ደግሞ አለ። ጭስ የተባለ ሁሉ ጭስ አይደለም። ሞተሩ ዘይት ሲያንጠባጥብ በኤሲው መስመር በኩል ይሸታል። የማዕድ ቤቱ ኦቨን ያረረ ምግብ ይኖረዋል። የማቀዝቀዣ ፋን ሲነክስም የተቃጠለ ጎማ ይመስላል። ከበረራ በኋላ አውሮፕላኑ ለእኛ ሲመጣ ግማሽ ቀን ፈልገን የምናገኘው አንዲት ፋን ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። ይሄን የማወራው ግን መሬት ላይ፣ መብራት አብርቼ፣ ፓኔል ፈትቼ ስለማየው ነው። በአየር ላይ ያ ፓኔል አይፈታም።

«መስኮት ለምን አይከፍቱም?» የሚልም አይጠፋም። ጭስ ማስወጫ ዘዴ አለ። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ መውረድ ይጠይቃል፣ ያኔ ያለ ጭምብልም ይተነፈሳል። በስሜን ተራሮች ላይ ግን ይህ አይሠራም፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነዋ። ቅደም ተከተሉም ከአውሮፕላን አውሮፕላን ይለያያል፣ ስለዚህ እኔ የጻፍኩትን እንደ ቼክሊስት የሚይዝ እንዳይኖር።

ሜክሲኮ ልንደርስ ስንል ለእናትየው ይሄንኑ በአጭሩ ነገርኳቸው። «ታዲያ እኛ ዝም ብለን እንታፈን?» አሉኝ። አይደለም እማማ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ ጭሱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እርጥብ ጨርቅ አፍንጫዎ ላይ ያድርጉ፣ አስተናጋጆቹንም ይስሙ አልኳቸው። አስተናጋጆቹ ጭስ መከላከያ ኮፍያና ማጥፊያ አላቸው፣ እሳቱን ፈልገው የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ሳልነግራቸው ወረዱ። በብዙ አውሮፕላኖች የተሳፋሪው ኦክስጅን የሚመጣው ከላይ ከተቀመጠ የኬሚካል ጣሳ ነው። ጭምብሉን ስትስበው ይቀጣጠላል፣ በጣምም ይግላል። በ1996 ቫሉጄት በተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን ጭነት ክፍል ውስጥ በስህተት የተጫኑ እንዲህ ያሉ ጣሳዎች እሳት አስነስተው 110 ሰው ገድለዋል። እኛ ጣሳውን ስንፈታ መቆለፊያውን ሦስት ጊዜ የምናየው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጭስ ሳይኖር፣ በሳሳ አየር ምክንያት ጭምብሉ የወረደ ቀን ካቢኑ የተቃጠለ ነገር ሊሸት ይችላል። ጣሳው ሥራውን እየሠራ ነው። ቦይንግ 787 ላይ ግን ይሄ ሽታ የለም፣ እሱ የሚጠቀመው ትናንሽ የኦክስጅን ጠርሙሶችን ነው።