48 ሰዓት ሲሞላ እስረኛ ይለቀቃል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የሚለው የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው። ለመንገድ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም።

ዋናው ጣጣ ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ለምሳሌ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ፣ መርማሪው «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ተጠርጣሪው ታስሮ ምርመራው እንዲቀጥል ተጨማሪ ቀን፣ ይጠይቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ለአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ግን ጣሪያ አላስቀመጠም። በ14 ላይ 14 እየተደመረ ሰው ክስ ሳይመሠረትበት ይከርማል። ይሄ ክፍተት በጣም ያሳስበኛል። ስለዚህ ጠበቃው በየቀጠሮው «ባለፉት ቀናት ምን ተሠራ?» ብሎ መሞገት አለበት።

ጭራሽ ፍርድ ቤት ካልቀረበስ? አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ከሕግ ውጭ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ለፍርድ ቤት ይቀርባል።