«ትልቁን ግዛ» እና ሌሎች ስለ ካሜራ ቦርሳ የሚሰጡ የተሳሳቱ ምክሮች

የመጀመሪያ ካሜራዬን ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ቦርሳውን ግን በአምስት ደቂቃ ገዛሁት። ኪሱ ብዙ ነው፣ ስፖንጁ ወፍራም ነው፣ መልኩም አይከፋም፤ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አራት ቦርሳ ቀያይሬያለሁ። የሻጭ ጥፋት አልነበረም። ሰው ያለኝን ሁሉ ሳላመዛዝን ስለተቀበልኩ ነው። ያኔ የሰማኋቸው ምክሮች ዛሬም ከአፍ ወደ አፍ ይዞራሉ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ትልቁን ግዛ፣ ዕቃህ እየጨመረ ይሄዳል»

ዕቃው መጨመሩ እውነት ነው። የሚጨምረው ግን ቦታ ስላለ ነው። ባዶ ኪስ ያለው ቦርሳ ባዶ ሆኖ አይቀርም። «ምናልባት ቢያስፈልገኝ» እያልን ሁለተኛ ፍላሽ፣ ሦስተኛ ሌንስ፣ ከተገዛ ጀምሮ ያልተነካ ፊልተር እንጨምርበታለን።

ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ፉል ፍሬም (ትልቅ የምስል መቀበያ ያለው) ካሜራ ከነባትሪው 650 ግራም ገደማ ነው። ኤፍ 2.8 የሆነ (ብዙ ብርሃን የሚያስገባ) 24-70 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንስ ከ700 እስከ 900 ግራም ይመዝናል። ሩቁን የሚያቀርበው 70-200 ሲሆን ከ1 ኪሎ አልፎ እስከ 1.5 ኪሎ ይደርሳል። ፍላሽ፣ ቻርጀር፣ ላፕቶፕና አንድ ሊትር ውሃ ጨምሩበት። ቦርሳው ራሱ አለ፤ ስፖንጁ የወፈረ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ባዶውን 2 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ሳይታወቅ 8 ኪሎ ተሸከማችሁ።

አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ አምስት ሌንስ ተሸክሜ ዋልኩ። ማታ ፎቶዎቹን ሳይ የሠራሁት በሁለቱ ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ሽርሽር ወስጃቸው ነበር ማለት ነው። እናንተም ይህን በቀላሉ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። እያንዳንዱ የፎቶ ፋይል በየትኛው ሌንስ እንደተነሳ ይመዘግባል። የመጨረሻዎቹን 500 ፎቶዎች ተመልከቱና የትኛው ሌንስ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚንሸራሸር ለዩ። ቦርሳ የሚገዛው ለሚሠሩት ነው። አንድ ተጨማሪ ክፍል ቢኖረው ይበቃል።

የሊትር ቁጥሩም አያታላችሁ። 20 ሊትር ሲባል ብዙውን ጊዜ የላፕቶፑ ኪስና የውጭ ኪሶቹም ተቆጥረው ነው። ይልቅ የውስጡን ጥልቀት በሜትር ለኩ። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሌንስ ጥልቀቱ 13 በሆነ ቦርሳ ውስጥ አይቆምም። ይጋደማል፤ ሲጋደም ደግሞ የሌላ ሌንስ ቦታ ይበላል።

«ስፖንጁ በወፈረ ቁጥር ዕቃው ይጠበቃል»

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሳ። ጂም ዶምኬ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊላዴልፊያ ውስጥ የጋዜጣ ፎቶግራፈር ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ሰው ነውና ደረቅና ግዙፍ ሳጥን አልተመቸውም። ከሸራ ለስላሳ የትከሻ ቦርሳ አሠራ። ስፖንጅ የለበትም በሚባል ደረጃ ስስ ነበር። ሰውነት ላይ ይለጠፋል፣ እጅ ቶሎ ይገባበታል። የዜና ፎቶ አንሺዎች ተቀባበሉትና እስከ ዛሬ በስሙ ይሸጣል። የእንግሊዙ ቢሊንግሃምም ቢሆን የጀመረው ለዓሣ አጥማጆች ቦርሳ በመሥራት ነው።

ስፖንጅ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ቦርሳው ሲወድቅ ወይም ከግድግዳ ሲላተም ያድናል። እኔ ካየሁት ጉዳት አብዛኛው ግን ከውጭ የመጣ አልነበረም። ውስጥ ያሉት ዕቃዎች እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። የፍላሹ እግር የሌንሱን መስታወት ይፍቃል፤ ቻርጀሩ የካሜራውን ስክሪን ይጭራል። ሌላውና የባሰው ዚፕ ነው። ቦርሳውን ከፍታችሁ ትሠራላችሁ፣ ሰው ይጠራችኋል፣ ዚፑን ሳትዘጉ ብድግ ታደርጉታላችሁ። ዕቃው መሬት ላይ ነው! እኔ አንድ ሌንስ ደረጃ ላይ እየነጠረ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። የትኛውም ስፖንጅ ከዚህ አያድንም።

ስለዚህ ከውፍረቱ ይልቅ ጥበቱን አስቡ። በቬልክሮ የሚለጠፉትን መከፋፈያዎች እያንዳንዱን ዕቃ አቅፈው እንዲይዙ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ቦርሳውን ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ድምፅ ከተሰማ ሥራው አላለቀም።

«ውሃ አያስገባም ተብሎ ተጽፎበታል»

ጨርቁ ላያስገባ ይችላል። ውሃ የሚገባው በዚፑና በስፌቱ በኩል ነው። ጨርቁ ላይ የተቀባው ውሃ የሚያንሸራትት ነገርም በጊዜ ብዛት ያልቃል። አብሮ የሚመጣው የዝናብ ሽፋን ጥሩ ነው፤ ግን የሚሸፍነው ፊቱን ነው። ጀርባችን ላይ የሚያርፈው ወገን ክፍት ስለሆነ ረጅም ዝናብ በማንገቻው ተንጠባጥቦ ይደርስበታል። ካፊያን የሚችልና ውሃ የማይገባው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከጀልባ ላይ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ አፉ ተጠቅልሎ የሚታሰር ቦርሳ ወይም ዙሪያው የጎማ ማሸጊያ ያለው ጠንካራ ሳጥን ያስፈልጋችኋል። አይፒ 67 የሚል ምልክት ያለበት ሳጥን አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው።

«ካሜራ ቤቱ ቦርሳው ነው»

ብዙ ሌንስ የሚያጠፋው ይሄኛው አስተሳሰብ ይመስለኛል። ለሳምንት የማይነካ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ቢቆይ ችግር የለም። ለወራት ግን አይሆንም። ስፖንጅና ጨርቅ እርጥበት ይይዛሉ፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ አየር አይዘዋወርም። ሻጋታ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ክሮች ማብቀል ይጀምራል። ቶሎ ካልተጠረገ የመስታወቱን ቅብ ይበላዋል፤ ያኔ ቢታጠብም ጠባሳው ይቀራል።

«ሲሊካ ጄል ጨምሬበታለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። ዚፕ አየር አያግድም። ያቺ ትንሽ ከረጢት የክፍሉን አየር እርጥበት በሙሉ ስትመጥ ውላ ትጠግባለች፣ ከዚያ በኋላ ጠጠር መያዝ ነው። ሲሊካው የሚሠራው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አብራችሁ አስገቡና ከ40 እስከ 50 በመቶ መሆኑን ተከታተሉ። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ከገዛችሁ መጥገቡን ራሱ ይነግራችኋል፤ አድርቃችሁ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ቦርሳው እርጥበትን በመከላከል የሚጠቅምበት አንድ ጊዜ ግን አለ። ከብርድ ወደ ሞቃት ክፍል ስትገቡ፣ ወይም በኤሲ ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ወበቅ ስትወጡ፣ የቀዘቀዘው ካሜራ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ዚፑን ሳትከፍቱ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይስተካከላል። ፎቶዎቹን ለማየት ከቸኮላችሁ ሜሞሪ ካርዱን ከመግባታችሁ በፊት አውጡት።

«ሌንሱ ተፈትቶ ነው የሚቀመጠው»

እንዲህ ካደረጋችሁ ካሜራው ሲፈለግ ዝግጁ አይሆንም። በተፈታና በተገጠመ ቁጥርም አቧራ ምስሉን ወደሚቀበለው ሴንሰር መንገድ ያገኛል። አብዝታችሁ የምትጠቀሙበት ሌንስ ተገጥሞ፣ ሁዱ (የብርሃን መከለያው) ተገልብጦ ይቀመጥ። ከባድና ረጅም ሌንስ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ክብደቱ በሙሉ ማያያዣው ቀለበት ላይ እንዳያርፍ ከሥሩ መከፋፈያ አስገብታችሁ ደግፉት። መንገዱ ሩቅና የሚያንገጫግጭ ከሆነ ፈትታችሁ ሁለቱንም ክደኑ።

«የጀርባ ቦርሳ ሁሌም ይሻላል»

ለትከሻ ይሻላል፤ ለሥራ ግን አንዳንዴ አይሻልም። እኔ ቦርሳ ምረጥልኝ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «በቀን ስንት ጊዜ ትከፍተዋለህ?» ብዬ ነው። ሦስት ሰዓት ተጉዞ ተራራ ላይ ወጥቶ አንዴ የሚከፍት ሰው የጀርባ ቦርሳ ይያዝ። ሰው መሃል እየተሽሎከለከ በየደቂቃው ሌንስ የሚቀይር ሰው ግን ከጀርባው እያወረደ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ፣ ሲከፍት፣ ሲዘጋ ፎቶው ያመልጠዋል። ለእሱ አንድ ካሜራና ሁለት ሌንስ የሚይዝ፣ በደረት ላይ በሰያፍ የሚነገት ቦርሳ ይበቃዋል።

የጀርባ ቦርሳ ከመረጣችሁ የወገቡን ቀበቶ አትናቁት። በደንብ ሲጠብቅ ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ ያወርዳል። ለጌጥ የተሰፋ ቀጭን ጥብጣብ ከሆነ ግን ወገብ ላይ ከማሰር ሌላ ጥቅም የለውም። ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባችሁ አስጠግታችሁ፣ መሃል አካባቢ አድርጉት። ከውጭ በኩል ከታሰረ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል። ትራይፖድ በጎን ስታስሩም በሌላው ጎን ውሃውን አድርጉ፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ አንገታችሁ ዘምሞ ትውላላችሁ።

«የካሜራ ቦርሳ፣ የካሜራ ቦርሳ መምሰል አለበት»

ይሄ የሚጠቅመው ሌባን ነው። የካሜራው ብራንድ በትልቁ የተጻፈበት ቦርሳ ውስጡ ምን እንዳለ ለሁሉም ይናገራል። ተራ ቦርሳ ገዝታችሁ ባለ መከፋፈያ የስፖንጅ ሳጥን ብቻውን ውስጡ ማስገባት ትችላላችሁ። ግርግር የሚበዛበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ በጀርባ በኩል የሚከፈተው ዓይነት ጥሩ ነው፤ ለብሳችሁት ሳለ ማንም ዚፑን አያገኘውም።

«ካቢን ይገባል ተብሎ የተሸጠ ቦርሳ ካቢን ይገባል»

ሻጩ የለካው ስፋቱን ነው። አየር መንገዶች ይመዝናሉም። ብዙዎቹ ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት 7 ኪሎ ነው። ቅድም የደመርነውን 8 ኪሎ አስታውሱ! ከመሄዳችሁ በፊት የትኬታችሁን ደንብ አንብቡ፤ ቤት ውስጥም መዝኑት።

ሚዛኑ ሲያስጨንቃችሁ ግን ባትሪውን ወደሚጫነው ሻንጣ እንዳታሸጋግሩ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የሚጓዘው ከሰው ጋር ካቢን ውስጥ ብቻ ነው። ፓወር ባንክም እንደ ትርፍ ባትሪ ይቆጠራል። ገደቡ የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው፤ ቮልቱን በአምፒር-ሰዓት ታባዛላችሁ። 7.2 ቮልት በ2.28 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 16 ገደማ ይሆናል፤ የካሜራ ባትሪ ብዙውን ጊዜ እዚህ አካባቢ ነው። እስከ 100 ድረስ ፈቃድ አይጠየቅም። ከ100 እስከ 160 የሆነ ትልቅ የቪዲዮ ባትሪ በአየር መንገዱ ፈቃድ ሁለት ብቻ ይያዛል። ከዚያ በላይ አይቻልም። የባትሪው ብረት ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር እንዳይነካካ ክዳኑን ግጠሙለት፤ ክዳን ከሌለው ፕላስተር ለጥፉበት።

የኤርፖርቱ ኤክስሬይ ሜሞሪ ካርድንና ሴንሰርን አይጎዳም። ያልታጠበ ፊልም የያዘ ሰው ግን በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። የሚጫኑ ሻንጣዎች መፈተሻውም ሆነ አዲሶቹ የእጅ ሻንጣ መፈተሻ ሲቲ ስካነሮች ያበላሹታል።

«አንዴ ካደራጀሁት አበቃ»

ለሰርግ የተደራጀ ቦርሳ ለወፍ ፎቶ አይሆንም። እኔ ማታ ማታ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ እዘረግፋለሁ፤ ነገ የማልነካው ወደ መሳቢያው ይመለሳል። የሞላው ባትሪ ክዳኑ ወደ ላይ፣ ያለቀው ወደ ታች ይሆናል። ባዶ ካርድ ፊቱን ወደ ላይ፣ ፎቶ ያለበት ጀርባውን ወደ ላይ። ከዝግጅት በኋላ ግን ፎቶ ያለበት ካርድ ቦርሳው ውስጥ አያድርም። ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ተቆልፏል።