ሽንት ሲያመልጥ፦ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ውስጥ መንከባከብ

የመርሳት በሽታ እየከረመ ሲሄድ ሽንት ማምለጡ፣ ኋላ ላይም ሰገራ፣ የተለመደ ነው። ቤተሰብ ግን "ጃጅተዋል እኮ" ብሎ ቀጥታ ዳይፐር ሊገዛ ይሮጣል። ችኮላ ነው። ፊኛቸው ደህና ሆኖ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠፍቷቸው፣ ቀበቶ መፍታት አቅቷቸው ወይም "መጣብኝ" የሚለው ቃል ራሱ አልመጣ ብሏቸው ይሆናል።

ድንገት ከጀመረ ቅድሚያ ሐኪም ቤት ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ስኳር፣ ፕሮስቴት፣ ለደም ግፊት የሚሰጥ የሚያሸና ኪኒን፣ ሁሉም ያመጡታል። ድርቀት ደግሞ አሳሳች ነው፤ የደረቀው ሰገራ መንገዱን ዘግቶ ፈሳሹ ሰገራ በጎን ሲያመልጥ ተቅማጥ ይመስላል፣ የተቅማጥ መድኃኒት ሲሰጣቸው ይብሳል። እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ ለፊኛ የሚታዘዙ መድኃኒቶችም መርሳቱን ሊያባብሱት ስለሚችሉ ሐኪሙ ሁሉንም ማወቅ አለበት።

ቤት ውስጥ ዋናው ዘዴ ሰዓት ይዞ ሽንት ቤት መውሰድ ነው። በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ፣ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ ከምግብ በኋላ፣ ከመተኛታቸው በፊት። "ሽንትዎ መጥቷል?" ብትሏቸው "አልመጣም" ይሏችኋል፤ "እማማ፣ ይነሱ እስቲ፣ ደረስ ብለን እንምጣ" ይሻላል። ሲቁነጠነጡ ወይም ልብሳቸውን ሲጎትቱ ካያችሁ ሰዓቱን አትጠብቁ። ሽንት ቤቱ ግቢ ጥግ ላይ፣ ያውም ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ፣ ለሌሊት አልጋው አጠገብ ፖፖ አስቀምጡ፣ መብራትም ተዉላቸው። ባልዲና የቆሻሻ ቅርጫት ከዓይናቸው ይራቅ፣ ሽንት ቤት ይመስላቸዋልና። ሱሪው በቁልፍ ሳይሆን በላስቲክ ይሁን።

ውኃ መቀነስ ትልቁ ስህተት ነው። ሽንቱ ሲወፍር ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ድርቀትም ይመጣል። ማሳነስ ያለባችሁ የማታውን ቡናና ሻይ ነው (ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያፈሉ እናትን ከረከቦቱ አጠገብ ማባረር ግን ለእኔ ጭካኔ ነው)።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል ዳይፐር ይገባል። ዋጋው ስለሚከብድ ለሌሊት ብቻ አድርገው ቀን በሰዓት ሽንት ቤት የሚወስዷቸው አሉ፤ ፍራሹ ላይ ላስቲክ፣ በላዩ የታጠፈ አሮጌ አንሶላ። የረጠበ ነገር ቶሎ ካልተቀየረ ቆዳቸው ይላላል፣ ይቆስላል። ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ፣ ሳትፈትጉ አድርቃችሁ፣ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።

የሚከብደው ማጠቡ ሳይሆን እፍረቱ ነው። ሴት ልጃቸው ልታጥባቸው ስትል የሚማቱ አባት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ልጃቸው መሆኗንም ረስተው ይሆናል፣ ማን ሊያራቁታቸው እንደመጣ አያውቁም። ጋቢ ደርባችሁላቸው የሚታጠበውን ቦታ ብቻ ግለጡ፤ የረጠበውንም "ውኃ ፈሰሰብዎት መሰለኝ፣ እንቀይረው" ብላችሁ አውልቁት።