ጉራ ነው የተባለው መሣሪያ እና የሆለታ ስንዴ

ናኖፖር የዲኤንኤን ክር በጥቃቅን ቀዳዳ እያሾለከ በኤሌክትሪክ የሚያነብ ዘዴ ነው። ባለሙያዎች ንባቡን ሲኩዌንሲንግ ይሉታል። በእኛ አገር ስሙ ሲነሳ ሆለታ አብራ ትነሳለች። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከአስኮ ተነስተው ቡራዩንና መናገሻን አልፈው በአምቦ መንገድ ይደርሱባታል። ብዙ ሰው የሚያውቃት በወተቷ፣ በድንቿና በድሮው የጦር ትምህርት ቤት ነው። የግብርና ምርምር ማዕከሏን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ላይ የፕሮቲን ቀዳዳ ይሰካል። ስፋቱ 1 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። በሁለቱም ወገን ጨዋማ ፈሳሽ አለ። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ጅረቱ በቀዳዳው ያልፋል። የዲኤንኤው ክር ሲገባ መንገዱ ይጠባል፣ ጅረቱም ይቀንሳል። ምን ያህል እንደቀነሰ ታይቶ ፊደሉ ይገመታል፤ ፊደል የሚባሉት ክሩ የተሠራባቸው አራት ዓይነት ቅንጣቶች ናቸው።

አስቸጋሪው ግምቱ ነው። መቁጠሪያን በጨለማ በጣት እንደመዳሰስ ያለ ሥራ ነው። በአንድ ጊዜ ጣት ስር የሚገባው አንድ ፍሬ ሳይሆን አምስት ያህል ነው። ተመሳሳይ ፍሬ ሲደጋገም ደግሞ ስድስት ይሁን ሰባት ይምታታል። ይህ ድክመት ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በምትኩ ክሩ ረጅም ቢሆንም ችግር የለም። ሌሎቹ የተለመዱ መሣሪያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊደላትን ሲያነቡ ይሄኛው በአንድ ትንፋሽ አስር ሺዎችን ያነባል።

ሐሳቡን አሜሪካዊው ዴቪድ ዲመር እ.ኤ.አ. በ1989 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ነደፈው። በ1996 ዘረመል በእርግጥ በቀዳዳ እንደሚያልፍ የሚያሳይ ጥናት ወጣ። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ኦክስፎርድ ናኖፖር የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ።

ወሬው የጦፈው በየካቲት 2012 ነው፤ ይህም የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ፍሎሪዳ፣ ማርኮ አይላንድ ላይ በተደረገ የዘርፉ ጉባኤ የኩባንያው ክላይቭ ብራውን መድረክ ላይ ወጣ። ፍላሽ የሚያክል፣ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ፣ ከ900 ዶላር በታች የሚሸጥ ማንበቢያ እናመጣለን አለ። ስሙ ሚናየን ነው። የላምዳ ቫይረስን 48 ሺህ ገደማ ፊደላት በአንድ ንባብ ከዳር እስከ ዳር እንዳነበቡም ተናገረ። ስህተቱ ከ100 ፊደል 4 ገደማ ነው፣ ሽያጩም በዚያው ዓመት ይጀመራል ተባለ። በጊዜው ሌሎቹ ማንበቢያዎች በመቶ ሺህ ዶላሮች ይሸጡ ስለነበር አዳራሹ ቢደነቅ አይገርምም።

ጥርጣሬውም አብሮ መጣ፤ ምክንያትም ነበረው። ሰው ሊመረምረው የሚችል አንድም የንባብ ፋይል አልተለቀቀም። ዓመቱ አለቀ፣ መሣሪያው የለም። 2013 ገባ፣ አሁንም የለም። በ2009 ኩባንያው ላይ 18 ሚሊዮን ዶላር አፍስሶ የነበረው የአሜሪካው ማንበቢያ ሠሪ ኢሉሚናም በ2013 ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ጉራ ብቻ ነው የሚለው ወገን በረከተ።

በ2014 የጸደይ ወራት 1,000 ዶላር ያስያዙ ተመራማሪዎች መሣሪያው ደረሳቸው። ተጠራጣሪዎቹ ግማሽ መንገድ ትክክል ነበሩ። በቀደሙት ንባቦች ከ100 ፊደል 15፣ አንዳንዴም 30 ገደማ ስህተት ይገኝ ነበር። ግን ሠራ። በ2015 በጊኒ የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ መሣሪያው ከነሙሉ ጓዙ በአውሮፕላን ሻንጣ ገብቶ 142 ናሙና አነበበ። በ2016 አስትሮናት ኬት ሩቢንስ በሕዋ ጣቢያ ላይ ሞክራዋለች።

ወደ ሆለታ ስንመለስ ጉዳዩ የስንዴ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ቢጫ ዋግ የያዘው ቅጠል ላይ ብናኙ በመስመር በመስመር ይሰለፋል። ጣት ሲነካው ይለቃል። ማሳው ውስጥ ያለፈ ሰው ሱሪው ከጉልበት በታች ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተነሳው ወረርሽኝ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ እንደመታ ይጻፋል። ኩብሳና ጋላማ የተባሉት የታወቁ ዝርያዎች እጅ ሰጡ፤ የዋጉ ዓይነት ተቀይሮ ነበርና። ዓይነቱን በትክክል ለመለየት ናሙና ወደ ውጭ አገር ይላክ ነበር፣ መልሱም ወራት ይፈጅ ነበር። እስከዚያ አዝመራው ያልቅ ነበር።

በ2018 የእንግሊዙ ጆን ኢነስ ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ሲሚት እና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በሚናየን የሚሠራውን ማርፕል የተባለ ዘዴ ሆለታ ላይ ሞከሩ። መላው ዕቃ ጠንካራ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። መልሱ በ48 ሰዓት ይደርሳል። ውስብስብ ፈንገስን እዚያው ቦታው ላይ በናኖፖር በመለየት በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ ተጽፎለታል። «የመጀመሪያ» የሚለው ቃል ክርክር አያጣውም፤ ጊኒ ቀድማ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይሁንና የኢቦላ ቫይረስ 19 ሺህ ገደማ ፊደል ነው፤ የቢጫ ዋግ ፈንገስ ግን ከ70 ሚሊዮን በላይ። ሆለታ ክብሩን ብትወስድ አይበዛባትም።

ያን ሁሉ ፊደል ማንበብም አላስፈለገም። በዋግ ዓይነቶች መካከል ጎልተው የሚለያዩ 242 ጂኖች ተመረጡ፣ እነሱ ብቻ ተባዝተው ይነበባሉ። አንዱ ጂን ደጋግሞ ስለሚነበብ የአንዱ ንባብ ስህተት በሌላው ይታረማል። የ2012ቱ የስህተት ክርክር እዚህ ብዙም አላስጨነቀም።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ናሙናው ፍሎው ሴል በሚባለው መጫኛ ላይ ጠብታ በጠብታ ይንጠባጠባል። አንዲት የአየር አረፋ ከገባች የነካቻቸው ቀዳዳዎች ይሞታሉ፣ አይመለሱም። ስለዚህ ጠብታ መመጠኛውን ፒፔት የያዘው ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ሁሉም ሲሳካ ላፕቶፑ ላይ ትንንሽ ካሬዎች አንድ በአንድ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ አንድ የሚያነብ ቀዳዳ ነው።

ፍሎው ሴሉ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። የሚገዛው በዶላር ነው። ጉምሩክ ላይ ከቆየ ቀዳዳዎቹ እየቀነሱ ይመጣሉ። በዚህ የተነሳ አጥቦ ደግሞ መጠቀም የተለመደ ሆኗል። ከታጠበ በኋላ መሣሪያው የተረፉትን ቀዳዳዎች ይቆጥራል፣ ባለሙያውም ቁጥሩን አይቶ ለስንት ናሙና እንደሚበቃ ያሰላል።