የስደተኛ ስፖንሰርሺፕ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው በቪዲዮ ወጥቶ "ካናዳ ስፖንሰር ካለህ አለቀ፤ አምስት ሰው ፈልገህ ብሩን መክፈል ነው" ሲል ሰማሁ። ከሥር ያለው አስተያየት ሁሉ "ስንት ነው?" ይላል። ሥራዬ አዲስ የመጡ ቤተሰቦችን መቀበል ነውና አንጀቴ አረረ።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ብዙዎቻችን "ስፖንሰር" የሚለውን ቃል የለመድነው ከዓረብ አገር ነው። እዚያ ስፖንሰር ማለት ካፊል ነው። አሠሪህ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድህ በእሱ እጅ ነው፤ ከተጣላችሁ ወረቀትህ አደጋ ላይ ነው። ይህን የለመደ ጆሮ "የካናዳ ስፖንሰር አገኘሁ" ሲባል "ጌታ አገኘሁ" ብሎ ይሰማል።

የካናዳው የስደተኛ ስፖንሰር ግን የአንድን ቤተሰብ የመጀመሪያ ዓመት ኃላፊነት የሚወስድ የሰፈር ሰው ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ሆነው የተሰባሰቡ ጎረቤታሞች፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ማኅበር ሊሆን ይችላል። ቤት ይከራያሉ፣ ዕቃ ያሟላሉ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዘግባሉ። ቤተሰቡ ቀድሞ ራሱን ካልቻለ ድጋፉ እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ቤተሰቡ ካናዳ ሲገባ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ነው። ስፖንሰሩ ቢኮራረፍም ያንን መንጠቅ አይችልም።

እኔ ሁልጊዜ በአራስ ጥየቃ ነው የማስረዳው። ሴት ስትወልድ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል። አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ አንዷ ትልልቆቹን ልጆች ትይዛለች። ማንም ሂሳብ አይዝም። ገንፎ ስላበላሁ ልጁ የእኔ ነው የሚልም የለም። አራሷም የተኛችው ሰንፋ አይደለም፤ ወገቧ እስኪጠና ነው። ካምፓላ ሱቅ ከፍቶ ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረ አባት እዚህ መጥቶ የቤቱን ማሞቂያ የሚያሳየው ሰው ቢፈልግ ነገሩ እንደዚያው ነው።

ደግሞ የአራስ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ይሞላል፤ በወሩ ጭር ይላል። ኤርፖርት አበባ ይዞ የሚመጣ ሰው አጥቼ አላውቅም። የሚጠፋው የአራተኛው ወር ሰው ነው። በረዶው ጉልበት ደርሷል፣ ልጅ አተኩሶታል፣ እናትየው ስልኩን ይዛ "ለእንግሊዝኛ አንድን ይጫኑ" የሚለውን ትሰማለች። ያን ጊዜ "መጣሁ" የሚል ሰው ነው ስፖንሰር።

ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። ነፍሰ ጡር ዘጠኝ ወሯን ቆጥራ ትገላገላለች። የስፖንሰር ፋይል ግን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። መጨረሻ ላይ የሚወስነውም የቪዛ መኮንኑ ነው። "ስፖንሰር ካለህ አለቀ" የሚለው ወንድሜ ይህን አልነገራችሁም።

አሁን ወደ "ስንት ነው?" እንምጣ። ስፖንሰሮች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የሚያዋጡት ግን ለቤተሰቡ የቤት ኪራይና አስቤዛ ነው። ከስደተኛው ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። አስቀድሞ አይሆንም፤ ከደረሰ በኋላ "መልስ" ማለትም አይሆንም። ለማመልከቻውም መንግሥት ስደተኛውን አያስከፍልም። እና ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ቁጭ ብሎ "አምስት ሰው አለኝ፣ ዶላሩን ላኩ" የሚል ደላላ የሚሸጠው ምንድን ነው?

"ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ነው" የሚል አይጠፋም። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 እና 1980 ከቬትናም፣ ከካምቦዲያና ከላኦስ 60,000 ያህል ስደተኞች ካናዳ ገቡ። ከግማሽ የሚበልጡትን የተቀበሏቸው እንዲህ ያሉ የሰፈር ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ሽልማት የሆነው የናንሰን ሜዳሊያ ለካናዳ ሕዝብ የተሰጠው ስደተኞችን በመቀበሉ ነው። ለመንግሥቱ ሳይሆን ለሕዝቡ። መንግሥት ቼክ መላክ ይችላል። የመጀመሪያውን ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስገኘው "የማውቀው ሰው አለ" የሚል ጎረቤት ነው።

ስለ ሥራዬ ስናገር የማልዘላቸው ነገሮች አሉ። አመልካቹ ከገዛ አገሩ ውጭ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ያለ ኢትዮጵያዊ በዚህ መንገድ አይሄድም። በአምስት ሰው ቡድን ለሚመጣ ደግሞ የዩኤን ማንዴት፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ስደተኛ መሆኑን ያረጋገጠበት ወረቀት፣ ወይም ያለበት አገር የሰጠው የስደተኝነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከኖቬምበር 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን መንግሥት ከእነዚህ ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን አቁሟል። "ዛሬውኑ አስገባልሃለሁ" የሚላችሁን ሰው መጀመሪያ ይህን ጠይቁት። ቅጹ ላይ ደግሞ አብረው ባይመጡም ባልን፣ ሚስትንና ልጆችን ሁሉ ጻፉ። ያልተጻፈ ልጅን በኋላ ለማምጣት ሲለፉ የከረሙ እናቶች አውቃለሁ።

አንድ አባት ከመጣ በስድስት ወሩ ቡና ጠጡ ብሎ ጠራን። ከፍራሹ ሥር የልጅ ደብተር አወጣ። ቦት ጫማ፣ ድስት፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ የልጅቷ መነጽር፤ ሁሉም ከነዋጋው ተጽፏል። "ከየትኛው ልጀምር?" አለ። ስድስት ወር ሙሉ በዕዳ ተጨንቆ ነው የተኛው። ይህን ያደረገበት "ስፖንሰር" የሚለው ቃል ነው።

ቁጭ ብለን መስመር በመስመር ሰረዝንለት። ቦት ጫማው፣ ድስቱ፣ መነጽሩ። አንዱን መስመር ብቻ ተውነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱን። እሱ የመንግሥት ብድር ነው፤ ቀስ ተብሎ ይከፈላል፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወለድ የለውም። ለእኛ የሚከፈል ግን አንዲት ሳንቲም አልነበረም።